የብስክሌት ካቴና፦ ውዱ ያዋጣል ወይስ መካከለኛው ይበቃል?

የዛሬ ሦስት ዓመት በሰኔ ወር አዲስ ካቴና አስገጠምኩ። ወርቃማ ነበር፤ ያብለጨልጫል። ዘመድ ነው ከውጭ ያመጣልኝ። በማግስቱ ጠዋት ከበሬሳ ድልድይ ወደ ከተማ ስወጣ፣ ከኮርቻው ተነስቼ ፔዳሉን ስረግጥ ካቴናው ቀጭ ብሎ ጥርሱን ዘለለ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ። ደግሜ ስረግጥ ደግሞ ዘለለ። ወርጄ እየገፋሁ ወደ ጠጋኙ ሄድኩ።

ጠጋኙ ካቴናውን በጣቱ አንስቶ አየ። ከዚያ የኋላውን ጥርስ አሳየኝ። “ወንድሜ፣ ካቴናው ምንም አልሆነም። ጥርሱ ነው ያለቀው” አለኝ። ያ ሁሉ ብር የወጣበት ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ አልሠራም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቴና ስገዛ መጀመሪያ ቀለሙን አላይም።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 8። በሳምንት 6 ቀን ስነዳ በዓመት ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የምጽፈው እንደኔ ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለገበያ ለሚነዳ ሰው ነው። ለውድድር የሚነዳ ሌላ ስሌት አለው።

ካቴና እንዴት ነው የሚያልቀው?

ብዙ ሰው “ካቴናው ተለጠጠ” ይላል። ብረቱ ግን አይለጠጥም። በየአንጓው አንድ ፒን አለ። ፒኑ ከውስጠኛው ብረት ጋር ሲፋተግ ሁለቱም ይበላሉ። በአንድ አንጓ ላይ የሚበላው የፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ግን አንድ ካቴና ከ110 በላይ አንጓ አለው። ጥቂቱ ሲደመር ብዙ ይሆናል።

ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ለልጅ ሳይክልም ለእሽቅድምድም ብስክሌትም ልኩ አንድ ነው። ባለ 114 አንጓ አዲስ ካቴና 1 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። 1 በመቶ ሲያረጅ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይጨምራል። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሮጌውንና አዲሱን፣ አንጓቸው እኩል ሆኖ፣ ከአንድ ምስማር ላይ ጎን ለጎን አንጠለጠልኳቸው። ላይ ላዩ እኩል ናቸው። ታች ሲደርስ ግን አሮጌው አንድ አንጓ ያህል ወርዶ ነበር።

ችግሩ ካቴናው ላይ አይቆምም። የረዘመ ካቴና በጥርሶቹ ላይ እኩል አይቀመጥም፤ ጫፍ ጫፋቸውን ይዞ ይጎትታል። ጥርሱ ቀስ በቀስ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። አሮጌ ካቴናና አሮጌ ጥርስ አብረው ስላረጁ ተስማምተው ይሄዳሉ፤ ነጂውም ምንም አይታወቀውም። አዲስ ካቴና ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። የኔም ዕጣ ይኸው ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ “ካቴናው ስንት ዓመት ይቆያል?” አይደለም። “ጥርሱን ሳይበላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል?” ነው።

በምን እንመዝን?

እኔ በአምስት ነገር ነው የምመዝነው፤ እኩል ክብደት ግን አልሰጣቸውም።

ከሁሉም የሚቀድመው ልክ መሆኑ ነው። ካቴና በስፋቱ ይለያያል። ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ብዙውን ጊዜ ውስጡ 3.3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሰፊ ካቴና ይይዛል። ማርሽ ያላቸው ውስጣቸው 2.4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ነው። ከውጭ ሲለካ ከኋላ 6፣ 7 ወይም 8 ጥርስ ላለው ብስክሌት 7.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለ9 ወደ 6.6፣ ለ10 ወደ 5.9፣ ለ11 ወደ 5.5፣ ለ12 ወደ 5.3 ይሆናል። ቁጥሩ ከኋላ የተደረደሩት ባለ ጥርስ ክቦች ብዛት ነው፤ በአንዱ ክብ ዙሪያ ያሉት ሾጣጣ ጥርሶች ብዛት አይደለም። “21 ማርሽ” የሚባለው ብስክሌት ከኋላ 7፣ ከፊት 3 ያለው ነው፤ የባለ 7 ካቴና ነው የሚፈልገው። ለ11 የተሠራ ውድ ካቴና በእሱ ላይ መግጠም ብር መጣል ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ዝገት። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን፣ መንዝና ጣርማ በር አካባቢ የሚነዳ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ካቴናው ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። አራተኛው እዚሁ መገኘቱ ነው፤ ሲበጠስ ደብረ ሲና ወይም መሀል ሜዳ ላይ ተመሳሳዩ ይገኛል? የመጨረሻው ክብደት ነው። እሱን ቶሎ እንጨርሰው። በተራ ባለ 8 ካቴናና ቀላል ተብሎ በሚሸጥ ባለ 11 ካቴና መካከል ያለው ልዩነት 70 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ 500 ግራም ይመዝናል። ከኋላ 10 ኪሎ ገብስ ጭኖ ለሚሄድ ሰው 70 ግራም ወሬ አይሆንም።

አንደኛ፦ ስም የለሹ ርካሽ ካቴና

በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በግራሶ ተለውሶ፣ ምንም ጽሑፍ ሳይኖርበት የሚሸጠው ነው። አልንቀውም። ለልጅ ሳይክል፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሚነዳ ሰው ይሠራል። ነገር ግን የፒኑ ጥንካሬ አይታወቅም። አንዱ ደህና ይሄዳል፤ ሌላው ከዚያው ሱቅ ተገዝቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል። በቶሎ መርዘሙ ብቻ አይደለም፤ ሳታውቁት ጥርሱን ይዞት ይሄዳል። ከገዛችሁት በየወሩ ለኩት።

ስትገዙ በእጃችሁ ዘርጉት። እያንዳንዱን አንጓ አጠፍ ዘርጋ አድርጉ። የሚደርቅ፣ እንቢ የሚል አንጓ ካለ መልሱት። የፒኑ ጫፍ በሁለቱም ወገን እኩል መውጣቱን እዩ። አንዱ ጠልቆ ሌላው ወጥቶ ከታየ አትውሰዱት፤ ዳገት ላይ የሚበጠሰው እሱ ነው።

ሁለተኛ፦ ስም ያለው መካከለኛ ካቴና

እንደ ኬኤምሲ፣ ሺማኖና ስራም ያሉት አምራቾች ሁሉም ተራ የሚባል ደረጃ አላቸው። ግራጫ ወይም ቡናማ ነው፤ ጌጥ የለውም። ሞዴሉ በካቴናው ጎን ላይ ታትሟል። በውጭ ገበያ የባለ 8 ተራ ካቴና 15 ዶላር ገደማ ነው። እዚህ ሲደርስ በብር ስንት እንደሚሆን ልጽፍ አልደፍርም፤ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ለዚህ ነው ከታች በሠንጠረዡ ላይ በንጽጽር ያስቀመጥኩት።

የዚህ ደረጃ ትልቁ ጥቅም ፒኑ በአግባቡ ተጠናክሮ መሠራቱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ዘይትም ጥሩ ነው። አዲስ ካቴና ገዝተው በላምባ አጥበው የሚገጥሙ ሰዎች አያለሁ። እባካችሁ አትጠቡት። ያ ዘይት ፒኑ ውስጥ የገባ ነው፤ እኛ ከውጭ በማንጠባጠብ አናገኘውም። ላይ ላዩን ብቻ በጨርቅ ጥረጉት።

ድክመቱ ዝገት ነው። ክረምት ላይ አንድ ሌሊት እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሦስተኛ፦ ዝገት የሚቋቋመው

ይህ ከመካከለኛው ብዙም ያልራቀ፣ ግን በኒኬል ወይም በሌላ ፀረ ዝገት የተለበጠ ነው። ብርማ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ውስጠኛውም ውጫዊውም ብረት የተለበጠ ነው፤ አንዳንዱ ውጭው ብቻ። ሁለቱም የተለበጠውን ፈልጉ። የመካከለኛውን አንድ ተኩል ያህል ዋጋ ቢጠየቅበት እኔ እከፍላለሁ።

ምክንያቱም የዝገት ጉዳት መልክ ማበላሸት ብቻ አይደለም። የዛገ አንጓ ይደርቃል፤ አይታጠፍም። የዝገቱ ዱቄት ደግሞ ፒኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፈጫል። በግቢ ውስጥ፣ ከጣሪያ ውጭ ብስክሌቱን የሚያሳድር ሰው መጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ይህን ደረጃ ነው።

አራተኛ፦ ውዱ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በውጭ ገበያ ከ50 ዶላር ጀምሮ 100 ዶላር የሚደርሱ ካቴናዎች አሉ። ያ ብር ምን ላይ ነው የሚውለው?

ከፊሉ ክብደት መቀነሻ ላይ ነው። ፒኑ ውስጡ ክፍት ይደረጋል፤ የጎን ብረቱም ይቦረቦራል። ይህ ለኛ ምንም አይጠቅምም። ከፊሉ ቀለም ላይ ነው። ወርቃማው ሽፋን ቲታኒየም ናይትራይድ ይባላል። ጠንካራ ነው፤ ዝገትም ይከላከላል። ነገር ግን ካቴና የሚያልቀው ፒኑ ላይ ነው። ሽፋኑ ውጭ ውጩን ብቻ ከሆነ ከመካከለኛው የተለየ ዕድሜ አይሰጥም።

ከፊሉ ደግሞ እውነተኛ ጥንካሬ ላይ ነው። ፒኑና ሮለሩ (ፒኑን ከቦ የሚዞረው ትንሽ ክብ ብረት) በጠንካራ ክሮም የሚለበጡ ካቴናዎች አሉ፤ በተለይ ከባለ 12 ማርሾች መካከል። እነዚህ በእርግጥም ረጅም ይሄዳሉ። ውድ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ስህተት ነው። ጥያቄው ለየትኛው ብስክሌት የሚለው ነው።

“ውዱ ካቴና ያፈጥናል” የሚለውንም እሰማለሁ። ንጹሕና የተቀባ ተራ ካቴና ከእግር የሚቀበለውን ኃይል ከ95 በመቶ በላይ ያስተላልፋል። በውድና በተራ መካከል ያለውን ልዩነት ለሥራ የሚነዳ ሰው እግሩ ላይ አያገኘውም። በደረቀና በተቀባ መካከል ያለውን ግን ያገኘዋል፤ በጆሮውም ጭምር ይሰማዋል።

ስሌቱን ደግሞ እንየው። ለምሳሌ ያህል መካከለኛው 1,000 ብር ቢሆንና 2,500 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሳንቲም ነው። ውዱ 4,000 ብር ቢሆን፣ እኩል ለመሆን ብቻ 10,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። እጥፍ ዕድሜ ቢኖረው እንኳ ለአንድ ኪሎ ሜትር 80 ሳንቲም ነው የሚያስወጣችሁ። ርካሹ 500 ብር ሆኖ 1,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 50 ሳንቲም ነው፤ የሚበላው ጥርስ ሳይቆጠር። የሱቃችሁን ዋጋ በነዚህ ቦታ አስገቡና አስሉት።

ባለ 11 ወይም ባለ 12 ብስክሌት ላላቸው ግን ስሌቱ ይለወጣል። የነሱ የኋላ ጥርስ ዋጋ ከካቴናው ብዙ እጥፍ ነው፤ እዚህ አካባቢም በቀላሉ አይገኝም። እዚያ ላይ ፒኑ የተለበጠ ጥሩ ካቴና ዋጋውን ያወጣል።

ያገለገለ ካቴና

አትግዙ። የሌላ ብስክሌት ጥርስ የለመደ ነው።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | ዋጋ (መካከለኛው 1 ቢሆን፣ በግምት) | ዕድሜ | ዝገት መቋቋም | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|
| ስም የለሽ ርካሽ | ግማሽ | አይታመንም | ደካማ | ለልጅ ሳይክል፣ አልፎ አልፎ ለሚነዳ |
| ስም ያለው መካከለኛ | 1 | ጥሩ | መካከለኛ፣ ዘይት ይፈልጋል | በየቀኑ ለሚነዳ፣ ብስክሌቱ ቤት ውስጥ ለሚያድር |
| ፀረ ዝገት | 1.5 እስከ 2 | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ክረምት ከበጋ ለሚነዳ፣ ውጭ ለሚያሳድር |
| ውድ፣ ፒኑ ያልተለበጠ | 3 እስከ 5 | ከመካከለኛው ብዙ አይለይም | በጣም ጥሩ | ለውድድር |
| ውድ፣ ፒኑ የተለበጠ | 4 እና ከዚያ በላይ | ረጅም | በጣም ጥሩ | ጥርሱ ውድ ለሆነ ባለ 11 እና 12 |

የት ነው የምትነዱት?

ሰሜን ሸዋ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ለስላሳ፣ ብርዱ ብርቱ፣ የውስጥ መንገዱ ብዙው ኮብልስቶን ነው። እዚህ ጠላታችን እርጥበት ነው። ፀረ ዝገቱን እመክራለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አመዳይ በሚወርድበት ጠዋት ደግሞ ወፍራም ግራሶ እንደ ሰም ይደርቃል፤ ቀጭን ዘይት ይሻላል።

ሸዋ ሮቢት ሌላ ዓለም ነው። ሙቀትና አቧራ። ዝገት ያን ያህል አያሳስብም፤ መካከለኛው በቂ ነው። እዚያ የሚገለው ዘይት መብዛቱ ነው። አቧራው ዘይቱ ላይ ተለጥፎ ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ ያ ሊጥ ፒኑን ይፈጨዋል። ሁለት ቀን አንድ ጊዜ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ከማንኛውም ውድ ካቴና ይበልጣል።

መንዝ ላይ፣ ጠጠርና ዋልካ ባለበት፣ ጭቃው ካቴናውን ሸፍኖት የሚሄድበት ቀን አለ። ጭቃው ሳይደርቅ በውኃ አፍስሱበት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት። ውድ መግዛት እዚያ በጭራሽ አያዋጣም፤ ጭቃ ውድና ርካሽ አይለይም። መካከለኛ ገዝቶ ቶሎ መቀየር ነው።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ለምትወርዱ አንድ ነገር ልበል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ስትወርዱ ካቴናችሁ አርፏል፤ የሚሠራው ፍሬናችሁ ነው። በዚያ መንገድ የምትመላለሱ ከሆነ ተርፎ የምታወጡት ብር መጀመሪያ ለፍሬን ሸራ ይሁን። በዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

እንደ ኪስና እንደ አጠቃቀም

ተማሪ ከሆናችሁና ብር ካጠረ፣ ርካሹን በየሦስት ወሩ ከመግዛት ትንሽ ጠብቆ መካከለኛውን መግዛት ይሻላል። ዘይት ለመግዛት የሚበቃ ብር ግን አስቀሩ።

ሳይክል የምታከራዩ፣ አምስት ስድስት ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ያላችሁ፣ ሰፊውን ካቴና ያዙ። ጥርሱም ወፍራም ስለሆነ ብዙ ይታገሳል። ሰፊ ካቴና በቀጭን ጥርስ ላይ ይሠራል፤ ቀጭን ካቴና በወፍራም ጥርስ ላይ ግን አይገባም። ይህን ሳያዩ በጅምላ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ ግማሹን መመለስ ነበረበት።

ዕቃ የምትጭኑ፣ ዳገት የምትወጡ፣ ፀረ ዝገቱን ውሰዱ፤ መለኪያውንም ጠበቅ አድርጉ። ጭነት ፒኑን በፍጥነት ይበላዋል።

ጥሩ ብስክሌት ያላችሁ፣ ከኋላ 11 ወይም 12 ጥርስ ካለው፣ ለናንተ ነው ውዱ። ያም ፒኑ የተለበጠ መሆኑን አጣርታችሁ።

መለኪያው 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነው

ልዩ መሣሪያ አለ፤ ብታገኙት ጥሩ ነው። ካጣችሁት የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፤ በአንድ ጎኑ ኢንች ያለውን ፈልጉ። 24 አንጓ ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ዜሮውን የአንዱ ፒን መሃል ላይ አድርጉ። ካቴናው ወጠር ይበል። አዲስ ከሆነ 12 ኢንቹ 24 አንጓ አልፎ የሚገኘው ፒን መሃል ላይ በትክክል ይወድቃል።

ፒኑ ከ12 ኢንቹ 1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ 0.5 በመቶ አርጅቷል። ባለ 11 እና ባለ 12 ከሆነ አሁኑኑ ቀይሩ። ከ2.3 ሚሊ ሜትር ካለፈ 0.75 በመቶ ነው፤ ከ6 እስከ 10 ያሉት የሚቀየሩት እዚህ ላይ ነው። ባለ አንድ ማርሽ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይታገሳል። ከዚያ ካሳለፋችሁት ካቴናና ጥርስ አብራችሁ ልትገዙ ነው።

አዲሱን ስትቆርጡ ከአሮጌው ጋር ርዝመቱን አታስተያዩ። አሮጌው ረዝሟል። አንጓ ቁጠሩ።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ብዙ ቦታ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። በነጻ ስለሚገኝ ነው። ውስጡ የሞተር ብረት ብናኝ አለበት፤ ያን ፒኑ ላይ መቀባት ምን ይባላል? የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሌላ ከጠፋ የስፌት መኪና ዘይት ይሻላል። ቀጭን ስለሆነ ክረምት ላይ ቶሎ ቶሎ መድገም ያስፈልጋል። በየሮለሩ አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ማሽከርከር፣ ከዚያ ውጩን እስኪደርቅ መጥረግ። የሚሠራው ውስጥ የገባው ነው፤ ውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል።

ያን ወርቃማ ካቴና ከአዲስ የኋላ ጥርስ ጋር አስገጠምኩት። 0.75 እስኪደርስ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሄደ። ቀጥሎ የገጠምኩት ብርማው ፀረ ዝገት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭቃ፣ 10 ወር ሄደ። የአንድ ሰው ብስክሌት ነው፤ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። ለኔ ግን ሁለት ወር የማይሞላ ልዩነት ያን ሁሉ ብር አላወጣም። አሁን ሁለተኛው ብርማ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ስለካው 1 ሚሊ ሜትር አልፏል። ሦስተኛውን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የኋላው ጥርስ ገና ያው ነው።